የሐኪሞች ማኅበር በዓልና የሰሃላ ሕመምተኛ

የሐኪሞች ማኅበር የምሥረታ በዓሉን ሲያከብር ምን እንደሚያደርግ ብዙው ሰው የሚያውቀው ከጋዜጣ ፎቶግራፍ ነው። ሽበታም ሐኪም ወደ መድረክ ይወጣሉ፤ ሜዳልያ ይጠለቅላቸዋል፤ ይጨበጨባል፤ ከዚያም ሻይና ኬክ ይቀርባል። እኛ ዛሬ በዚህ ገጽ ስለዚሁ ጉዳይ ለመጻፍ የተነሣነው ሻይና ኬኩን ለመንቀፍ አይደለም። ነገሩ ከሰሃላ ሆነው ሲያዩት ሌላ መልክ ስላለው ነው እንጂ። ሰሃላ በዋግ ኽምራ፣ ከሰቆጣ በስተ ምዕራብ፣ ወደ ተከዜ ሸለቆ የሚያዘቀዝቅ አገር ነው። ከዚያ አገር ሰው ታሞ በቃሬዛ ሲነሣ፣ ሐኪም የሚባለው ሰው ስንት ዓመት እንደ ተማረ፣ ማን እንዳስተማረው፣ ማኅበሩም ምን ሥራ እንዳለው የሚጠይቅ የለም። የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «አለ ወይስ የለም?»

መቸም እኛ ተማሪዎች ነንና የቀሩትንም ጥያቄዎች መጠየቅ ይገባናል። የሐኪሞች ማኅበር ምንድን ነው? ሽማግሌዎቹን የሚያከብረውስ ለምንድን ነው? ከተከበሩትስ መካከል የሰሃላን ሰው የሚነካ ሥራ የሠራ ማን ነው? (ዘመኑን በአውሮፓ አቆጣጠር የምንጽፈው የሕክምናው መዝገብ በዚያ ስለ ተያዘ ነው። ያገራችንን አቆጣጠር ስንጠቅስ «ዓ.ም.» እንጨምርበታለን።)

የኢትዮጵያ ሕክምና ማኅበር የተመሠረተው በ1961 ነው። እንግዲህ ስድሳ ዓመቱን ካለፈ ቆየ ማለት ነው። ልብ ሊባል የሚገባው ነገር፣ ማኅበሩ ሲቋቋም ባገሩ ውስጥ አንድም የሐኪሞች ትምህርት ቤት አለመኖሩ ነው። በዩኒቨርሲቲው ሥር የሕክምና ፋኩልቲ የተከፈተው ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1964 ነበረ። ስለዚህ ያን ጊዜ ሐኪም የነበሩት ኢትዮጵያውያን ሁሉ ትምህርታቸውን ያገኙት ባሕር ተሻግረው ነው፤ አንዱ በቤይሩት፣ አንዱ በኤዲንብራ፣ ሌላውም በሌላ አገር። ባገር ቤት ከሚሠሩት ሐኪሞችም ብዙዎቹ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። ከልዩ ልዩ አገር የመጣ፣ በልዩ ልዩ ቋንቋ የተማረ ሰው ስለ አንድ በሽታ ሲነጋገር መግባቢያ ያስፈልገዋል። ማኅበሩ በመጀመሪያ ይህ መግባቢያ ሆነ። በሐምሌ 1962 የራሱን የሕክምና መጽሔት ማሳተም የጀመረውም በዚሁ ምክንያት ነው ብለን እናምናለን።

መጽሔት ለሐኪም ምን ያደርጋል? እንዲህ ያለው መጽሔት የውጭው መጽሐፍ በቅጡ የማይነግረውን ይይዛል። ቅማል የሚያመጣው ግርሻ ትኩሳት፣ ተስቦ፣ ወባ፣ ቢልሃርዝያ፣ እነዚህ ሁሉ ለለንደን ሐኪም የመጽሐፍ ታሪክ ናቸው፤ ለኛ ግን የጎረቤት ወሬ ናቸው። አንድ ምሳሌ ብቻ እንጥቀስ። በ1970ዎቹ ኧርነስት ፕራይስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም በደጋው አገር እግሩ ያበጠውን ገበሬ ሲመረምር ቆይቶ፣ ይህ ዓይነቱ የእግር ዝሆኔ ከትንኝ ሳይሆን ከአፈሩ የሚመጣ መሆኑን አስረዳ። እሳተ ገሞራ ከወለደው ቀይ አፈር የሚገኝ ደቃቅ ብናኝ በባዶ እግር ቆዳ ገብቶ ውስጡን ያውካል። መከላከያው ጫማና ውሃ ነው። የብዙ ዘመን «እርግማን» በጫማ የሚመለስ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው።

ስለ ማክበሩ ነገር ደግሞ እንናገር። ሐኪሞች አስተማሪያቸውን የሚያከብሩት በጨዋነት ብቻ አይደለም፤ በመሐላ ነው። የጥንቱ የግሪክ ሐኪም የሂፖክራጥስ መሐላ፣ ጥበቡን ያስተማረውን ሰው እንደ ወላጁ ሊያይ፣ ሲቸግረውም ካለው ሊያካፍል ሐኪሙን ያስምለዋል። የዓለም የሐኪሞች ማኅበርም በተቋቋመ በዓመቱ፣ በ1948 በጄኔቭ ባወጣው ቃል ይህንኑ አድሶ፣ ለመምህራን ክብርና ምሥጋና መስጠትን ከሐኪሙ ግዴታዎች መካከል ቈጠረው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቀዶ ጥገና ከመጽሐፍ ብቻ አይለመድም፤ እጅ ከእጅ ይቀበለዋል። ዛሬ ሰቆጣ ላይ ምላጭ የሚይዘው ወጣት፣ ከእርሱ በፊት የያዙት እጆች ሰንሰለት አለው። በዓሉ ያን ሰንሰለት መቍጠሪያ ነው።

ሰንሰለቱ ከማን ይጀምራል ቢባል ሁሉም የሚጠራው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ነው። ታሪካቸው ልብ ወለድ ይመስላል። በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ አንድ ሕፃን ወላጆቹን አጥቶ ተገኘ። አንድ እንግሊዛዊ መኰንን ወደ ህንድ አገር ወሰደው። እዚያም በሁለት መኰንኖች ርዳታ አድጎ ቻርልስ ማርቲን ተባለ፤ በላሆር ሕክምና ተምሮ ሐኪም ሆነ፤ በበርማም በመንግሥት ሐኪምነት አገለገለ። ከዐድዋ ድል በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ቢመጡ፣ አያታቸው በሰውነታቸው ላይ ባለው ጠባሳ የልጅ ልጃቸው መሆናቸውን ለዩአቸው። ጠባሳ የሐኪም መታወቂያ ሲሆን ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም! በኋላም ሐኪም ወርቅነህ በሕክምናው ብቻ አልቆዩም፤ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤትን መርተዋል፤ የጨርጨር አገረ ገዥ ሆነዋል፤ ጣልያን አገራችንን በወረረ ጊዜም በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ነበሩ። ሁለት ልጆቻቸው አገራቸውን ብለው ተመልሰው የጥቁር አንበሳ ጦር አባል ሆኑ፤ በ1937ም ጣልያን ገደላቸው። ያንን የጥቁር አንበሳ ጦር የመሩት ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ የእንስሳት ሐኪም እንደ ነበሩ ስንቶቻችን እናውቃለን? አዲስ አበባ ያለው ትልቁ የማስተማሪያ ሐኪም ቤት ዛሬ በዚህ ጦር ስም ይጠራል።

የውጭ አገር ሐኪሞችንም ውለታ አንዘነጋም። ከዐድዋ ጦርነት በኋላ በ1896 የመጣው የሩስያ ቀይ መስቀል ቁስለኞችን አክሟል፤ የምኒልክ ሐኪም ቤት ታሪክም ከዚያ ጋር የተያያዘ ነው። ይህን ግን ሌሎች በሰፊው ጽፈውታልና እናልፈዋለን።

ለሰሃላ ሰው ከዚህ ሁሉ ይልቅ ቅርብ የሆነው የጎንደር ነገር ነው። በ1953 በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ፈጀ። ከዚያ በኋላ በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ፤ የዓለም ጤና ድርጅት፣ የሕፃናት መርጃ ድርጅትና የአሜሪካ መንግሥት ረዱት። ኮሌጁ ሐኪም አላወጣም። ያወጣው ጤና መኰንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጽዳት ባለሙያ ነበር፤ ሦስቱም እንደ ሦስት ጉልቻ ባንድነት ወደ ጠቅላይ ግዛት ጤና ጣቢያ እንዲላኩ ታስቦ። አሳቡ ቀላል ነው። ሐኪም ለማፍራት ብዙ ዓመትና ብዙ ገንዘብ ይፈልጋል፤ በሽታው ግን አይጠብቅም። ደግሞ ገበሬውን የሚገድለው አብዛኛው በሽታ ሐኪም የሚያሻው ሳይሆን ንጹሕ ውሃ፣ ክትባት፣ መጸዳጃና ጊዜውን ያላለፈ ክኒን የሚያሻው ነው።

የኮሌጁ ልጆች ፈተናቸውን ለማየት ብዙ አልቆዩም። በ1958 ወባ ከቆላው ወጥቶ ወደማይታወቅበት ደጋ ወጣ። ያን ዓመት ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ታመመ፣ መቶ ሃምሳ ሺህ ያህልም እንደ ሞተ በጊዜው የነበሩ ባለሙያዎች ገምተዋል። ለምን ይህን ያህል ሞተ? የደጋ ሰው በሽታውን ለምዶት ስላላደገ ደሙ መከላከያ አልነበረውም። የቆላ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ወባ እየነደፈው ያልሞተው ይጠነክራል፤ የደጋው ግን አዋቂውም እንደ ሕፃን ነው። የዋግ ሕዝብ በአንድ ቀን መንገድ ከደጋ ወደ ተከዜ ቆላ የሚወርድና የሚወጣ እንደ መሆኑ፣ ይህ ትምህርት ለርሱ የቤቱ ጉዳይ ነው። ዛሬም ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሁመራና ወደ መተማ የሚወርደው የደጋ ጐልማሳ ወባውን ብቻ ሳይሆን፣ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈውን ካላ አዛርንም ይዞ ይመለሳል። ካላ አዛር ጣፊያን እያሳበጠ፣ ሰውነትን እያከሳ፣ ሳይታከሙት ከቀሩ የሚገድል በሽታ ነው።

እንግዲህ እዚህ ላይ ቅሬታችንን እንናገር። ጤና መኰንኖቹ፣ ከእነርሱም በፊት ቁስል እያጠቡ መርፌ እየወጉ አገሩን የያዙት ድሬሰሮች፣ በትልልቁ በዓል ስማቸው ብዙ አይጠራም። ጎንደር በ1978 በላይፕዚግ ዩኒቨርሲቲ ርዳታ የሐኪሞች ትምህርት ቤት ስትሆን የጤና መኰንኑ ትምህርት ተቋረጠ። እንደ ገና የተጀመረው በ1990ዎቹ ነው። በመካከሉ የተቋረጠው ዘመን ለሩቅ አገር ምን ዋጋ እንዳስከፈለ የሚገምት ይገምተው። ገበሬው ግን ድሬሰሩንም ጤና መኰንኑንም ሁሉ «ዶክተር» ብሎ ነው የሚጠራው። ስሕተት ነው የሚሉ አሉ። እኛ ግን ከማኅበሩ መዝገብ ይልቅ የገበሬው አጠራር ትክክል የሆነበት ጊዜ አለ እንላለን።

ከሐኪሞቹ ወገን ስማቸው ሁልጊዜ የሚነሣው ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ናቸው። በ1928 አዲስ አበባ ተወለዱ። አባታቸውን ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ ጋር ተያይዞ ጣልያን ገደለባቸው። በግብፅ ተምረው፣ ከኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመርቀው፣ በቀዶ ጥገና ሠልጥነው ተመለሱ። የሕክምና ፋኩልቲውን ካቋቋሙት አንዱ ሲሆኑ ዲኑም ነበሩ። ብዙ የቀዶ ጥገና ሐኪም ከእጃቸው ወጥቷል። በ1993 ከአርባ ከሚበልጡ መምህራን ጋር ከዩኒቨርሲቲው ተሰናበቱ፤ በፖለቲካው ምክንያት በ1994 ታሰሩ፤ በጽኑ ታመው ለሕክምና ወደ ውጭ ከወጡ በኋላ በግንቦት 1999 በፊላደልፊያ ዐረፉ። ስለ ፖለቲካቸው የሚለያይ ሰው ሊኖር ይችላል። ያስተማሩት ቀዶ ጥገና ግን ወገን አልለየም።

ከሕፃናት ሐኪሞች ደግሞ ፕሮፌሰር ደምሴ ሀብቴን እንጠቅሳለን። የፋኩልቲው ዲን ነበሩ፤ ኋላም በባንግላዴሽ ዋና ከተማ በዳካ የሚገኘውን የተቅማጥ በሽታ ምርምር ማዕከል በዲሬክተርነት መርተዋል፤ የኢትዮጵያ ሳይንስ አካዳሚም የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ነበሩ። በዳካ በ1968 የተረጋገጠው ነገር ስኳርና ጨው በልክ የተበጠበጠበት ውሃ በተቅማጥ የሚደርቀውን ሕፃን እንደሚያድን ነው። ስኳሩ ጨውን ወደ አንጀት ግድግዳ ይዞ ይገባል፤ ጨው በገባበት ውሃ ይከተላል። ሐኪም በሌለበት ቀበሌ እናት ራሷ ልትሰጠው የምትችለው መድኃኒት ይህ ነው።

አሁን ደግሞ የማኅበሩ አባል ሳትሆን ከብዙ አባል በላይ የተከበረችውን ሴት እናንሣ። ካትሪንና ሬጂናልድ ሃምሊን የሚባሉ ባልና ሚስት የማኅፀን ሐኪሞች በ1959 ወደ ልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሐኪም ቤት መጡ፤ በ1974 የፌስቱላ ሐኪም ቤትን ከፈቱ። ፌስቱላ ማለት ምጥ ሲጠና፣ የሕፃኑ ራስ ለቀናት የእናቲቱን ሥጋ ተጭኖ ደም ሲከለክለው፣ በፊኛና በብልት መካከል የሚቀደድ ቀዳዳ ነው። ሽንት ሳይቋረጥ ይፈስሳል። ሕፃኑ አብዛኛውን ጊዜ ይሞታል፤ ሴቲቱም ከሰው ተለይታ ትቀመጣለች። በሽታው ሐኪም በማጣት የሚመጣ እንጂ በሴቲቱ ገላ ጉድለት ብቻ የሚመጣ አይደለም። ሐኪም ቤት በቀረበበት አገር ማኅፀንን በቀዶ ጥገና ከፍቶ ሕፃኑን ማውጣት ይቻላልና ጠፍቷል ለማለት ይቻላል።

ማሚቱ ጋሼ ከገጠር በዚህ ሕመም የመጣች ወጣት ነበረች። ከታከመች በኋላ አልሄደችም። አልጋ አነጠፈች፤ መሣሪያ አቀበለች፤ ኋላም ሐኪሞቹ እጇን አይተው ቀዶ ጥገናውን አስተማሯት። ማንበብና መጻፍ ሳታውቅ የዚህ ጥገና ጌታ ሆነች፤ ከውጭ አገር የሚመጡ ሐኪሞችንም አሠለጠነች። በ1989 የእንግሊዝ የቀዶ ጥገና ሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅ የወርቅ ሜዳልያ ሰጣት። ለእኛ ለተማሪዎች፣ በወረቀት ለምንመዘነው፣ ይህ ታሪክ ትንሽ የሚጐረብጥ ነው። የሰሃላ ሰው ግን ሲሰማው አይገርመውም፤ ወጌሻው የተሰበረ እጅ የሚገጥመው ሠርተፍኬት ኖሮት አይደለምና። (ይህን ስንል ወጌሻውን ሁሉ ማሞገሳችን አይደለም። አጥብቆ ያሰረው እጅ ደም አጥቶ ሲበሰብስና ሲቆረጥ የሚያዩት ሐኪሞች ናቸው።)

ወደ ዋግ እንመለስ። የዋግ ስም በዓለም የሕክምና ታሪክ ሁለት ጊዜ ተጽፏል፤ ሁለቱም ጊዜ በረኃብ ምክንያት። የመጀመሪያው በ1984 ነው። ከዋግና ከዙሪያው ደጋ የተነሣ ሕዝብ በእግሩ ኮረም ደርሶ በሜዳ ሰፈረ። በጥቅምት ወር የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ያሳየው ይህንን ነው። በዚያ የነበሩት ሐኪሞች፣ ከእነርሱም የፈረንሳዩ የድንበር የለሽ ሐኪሞች ማኅበር ሰዎች፣ የተዋጉት ከረኃብ ጋር ብቻ አልነበረም። የተራበ ሰው በተጨናነቀ ሰፈር ሲተኛ ኩፍኝ፣ ተቅማጥ፣ የሳንባ ምችና በቅማል የሚመጣው ትኩሳት ይረባረቡበታል፤ ብዙ ጊዜ የሚገድሉትም እነዚህ ናቸው። በመቀሌ የነበረችው የቀይ መስቀል ነርስ ክሌር በርትሺንገር ከተሰለፉት ሕፃናት መካከል ወደ መመገቢያው ጣቢያ የሚገቡትን ጥቂቶች መምረጥ ግዴታ ሆኖባት ነበር። ከምግቡ ይልቅ ሕፃናቱ ይበዙ ነበርና። ሜዳልያ ለእንዲህ ያለው ሥራ ምን ተብሎ ይጻፍበታል?

ሁለተኛው በ2015 ነው። መንግሥት በ2030 ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር ለማጥፋት የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተባለ። መቀንጨር ማለት ሕፃኑ ከመፀነሱ ጀምሮ እስከ ሁለት ዓመቱ ድረስ በቂ ምግብ ስላጣ፣ በየጊዜውም ስለ ታመመ፣ ቁመቱ ከዕድሜው ማነሱ ነው። ቁመቱ የሚታየው ክፍል ነው። የማይታየው ደግሞ የአእምሮው ዕድገት ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ቢበላም ያለፈው በሙሉ አይመለስም። እንግዲህ የሐኪሙ መሐላ በጄኔቭ ሲታደስ፣ ቃል ኪዳኑ ደግሞ በሰቆጣ ስም ተጠራ። ከዚያ ወዲህ በ2021 ጦርነቱ ወደ ዋግ ኽምራ ገብቶ ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ ወድመዋል። በ2023 ደግሞ ድርቁ ሰሃላን፣ ዝቋላንና አበርገሌን መታ፤ ከብቱም አለቀ። ሰቆጣ ያለው የተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል በዚህ ሁሉ መካከል ለዞኑ ሕዝብ ተስፋ ሆኖ የቆየ ነው። በየቀበሌው ደግሞ ከ2003 ወዲህ አንድ ዓመት ሠልጥነው የተመደቡ የጤና ኤክስቴንሽን ሴቶች አሉ። ክትባቱን ተሸክመው ቁልቁለቱን የሚወርዱት እነርሱ ናቸው። ብዙዎቹ ያገሩ ልጆች በመሆናቸው ከሽማግሌዋ ጋር በኽምጣና ይነጋገራሉ። ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ ሐኪም «የት ጋ ያምዎታል?» ብሎ ለመጠየቅ እንኳ አስተርጓሚ ያሻዋል።

ታዲያ በዓሉ ምን ይሁን? አንዳንዶች «ሜዳልያ የቤት ኪራይ አይከፍልም» ይላሉ፤ እውነት አላቸው። በግንቦት 2025 ባገሪቱ የጤና ባለሙያዎች ስለ ደመወዝ ሥራ እስከ ማቆም መድረሳቸው የሚታወስ ነው። በወር የሚያገኘው ለቤተ ሰቡ የማይበቃ ሐኪም ከሰቆጣ ወደ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባም ወደ ውጭ ቢሄድ ከሃዲ የሚለው ማን ነው? ሌሎች ደግሞ «የሐኪሞች ማኅበር የሚያከብረው ሐኪሞችን ነው፤ ድሬሰሩን ድሬሰሮች ያክብሩት» ይላሉ። በዚህ አንስማማም። መሐላው የሚለው ጥበቡን ያስተማረህን አክብር ነው፤ አዲስ ተመራቂ ሐኪም ገጠር ሲደርስ ምጥ የጠናባትን ሴት እንዴት እንደሚያይ የሚያሳየው ብዙ ጊዜ ሃያ ዓመት የቆየው ነርስ ወይም የቆየችው አዋላጅ ናት።

ስለዚህ አሳባችን እንዲህ ነው። ማኅበሩ ከሚቀጥሉት የምሥረታ በዓላት አንዱን በአዲስ አበባ ሆቴል ሳይሆን በሰቆጣ ያድርገው። የተከበሩት ሐኪሞች በዚያው ሰሞን ለሦስት ቀን ሕመምተኛ ይመልከቱ፤ ለወጣቶቹም ያስተምሩ። ከሚሰጡት ሜዳልያዎች አንዱ በዕውቀት ብዛት ሳይሆን በሩቅ አገር በቆዩበት ዘመን ብዛት የሚለካ ይሁን፤ ለጤና መኰንን፣ ለነርስና ለአዋላጅም ይሰጥ። በ1964 በተቋቋመው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪው አንድ ዓመት በጠቅላይ ግዛት ሲያገለግል፣ ብዙዎቹ አገራቸውን ያወቁት ያን ዓመት ነው። ለሐኪሞቹም በዓል ከዚያ ትንሽ ቁራጭ ቢገባበት የሚጐዳ ማንም የለም።

እኛም ከወዲሁ የምንሠራው ሥራ አለ። ከዋግ የመጣችሁ የኅብረቱ አባሎች በዕረፍት ጊዜ ወደ ቤታችሁ ስትሄዱ፣ በሰሃላም ሆነ በሌላው ወረዳ በድሬሰርነት፣ በጤና መኰንንነት፣ በነርስነት ወይም በአዋላጅነት ያገለገሉትን ሰዎች ከሽማግሌዎችና ከባልቴቶች ጠይቁ። ስማቸውን፣ የቆዩበትን ዘመን፣ የነበሩበትን ጣቢያና ሕዝቡ የሚያስታውስላቸውን ሥራ ጻፉ። የሰዎቹን ወይም የቤተ ሰባቸውን ፈቃድ ሳትጠይቁ ግን አታምጡ። ወረቀቱን ለመጽሔቱ አዘጋጆች ስጡ፤ ዝርዝሩ ሲሞላ አንዱን ቅጂ ለማኅበሩ ጽሕፈት ቤት እንልካለን። ሕዝቡ በኽምጣና ያወጣላቸው ቅጽል ስም ካለም እንዳለ ይጻፍ።